የወረቀት ከተሞች፦ ፈላጊውን የሚገልጥ ፍለጋ

ጆን ግሪን «ፔፐር ታውንስ» ብሎ የሰየመውን፣ በአማርኛ «የወረቀት ከተሞች» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ ያነበብኩት የእህቴ ልጅ ከመደርደሪያዋ አውጥታ «ጋሼ፣ መጀመሪያ አንብበው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብላ ስለሰጠችኝ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ናት። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብባው ስለነበር በኅዳጎቹ ላይ በእርሳስ የጻፈቻቸው ጥያቄዎችም አብረው መጡልኝ። ከእነዚያ አንዱ፣ ገና አጋማሹ ሳይደረስ የተጻፈው፣ «ይህ ልጅ የሚወዳት እሷን ነው ወይስ እሱ የፈጠራትን?» የሚል ነበር። ስለ መጽሐፉ ለመጻፍ ስቀመጥ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ፍቅሩም ምሥጢሩም የተንጠለጠሉት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነውና።

መጽሐፉ በአሜሪካ ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ የምሥጢራዊ ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር በኤድጋር አለን ፖ ስም የሚሰጠውን ሽልማት በወጣቶች መጻሕፍት ዘርፍ አግኝቷል። ብዙ አንባቢዎች በፍቅር ታሪክነቱ የሚያስታውሱትን መጽሐፍ የምሥጢር ጸሐፊዎች የራሳቸው አድርገው መሸለማቸው ተገቢ ይመስለኛል። አያሌ የወጣቶች የፍቅር መጻሕፍት ምሥጢርን እንደ ማጣፈጫ ጣል ያደርጉታል፤ እዚህ ግን ምሥጢሩ ቢነሣ ፍቅሩ የሚቆምበት መሬት አይኖርም። ታሪኩ የሚፈጸመው ደራሲው ልጅነቱን ባሳለፈባት በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ሲሆን፣ ከተማዋ የምትገለጸውም እርስ በርስ በሚመሳሰሉ ቤቶች መካከል አድጎ የዚያን መመሳሰል ክብደት በሚያውቅ ሰው ዓይን ነው።

ተራኪው ክዌንቲን ጃኮብሰን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሳምንታት የቀሩት፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ሁለቱም ወላጆቹ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆኑ ወጣት ነው። ጎረቤቱ ማርጎ ሮት ስፒግልማን ደግሞ በትምህርት ቤቱ የማያውቃት የሌለ፣ ከቤት ጠፍታ መመለስ የለመደች፣ ስለ እርሷ ከሚወራው ግማሹ ተረት የሚመስል ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው በሰፈራቸው መናፈሻ ሲጫወቱ ዛፍ ተደግፎ የሞተ ሰው ያገኛሉ፤ ክዌንቲን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ማርጎ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ትጠጋለች። ከዚያም ጎረቤት ጠይቃ የሟቹን ስምና የትዳሩን መፍረስ አጣርታ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ሌሊት በመስኮቱ ትመጣና፣ ምናልባት በሰውየው ውስጥ የነበሩት ክሮች ሁሉ ተበጥሰው ይሆናል ብላ ትነግረዋለች። ለእኔ የመጽሐፉ ሁሉ ነገር ያለው በእነዚያ ሁለት እርምጃዎች ውስጥ ነው። የቀሩት ገጾች፣ በልጅነቱ ያፈገፈገው ልጅ ዓመታት ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም በተሳሳተ አቅጣጫ፣ ወደ ፊት መራመድን የሚማርባቸው ናቸው።

ሁለቱ አድገው ከተራራቁ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ማርጎ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ጥቁር ቀለም ተቀብታ በዚያው መስኮት ብቅ ትላለች። የእናቱን ሚኒቫን እንዲያወጣላትና እስኪነጋ ድረስ ልትፈጽማቸው ባሰበቻቸው 11 ነገሮች እንዲያግዛት ትጠይቀዋለች። አብዛኞቹ በከዳት ፍቅረኛዋና ከዳችኝ ባለቻቸው ጓደኞቿ ላይ የምትወስዳቸው በቀሎች ናቸው። ክፍሉ ፈጣንና አስደሳች ነው፤ ከበቀሉ ሁሉ በልጦ በልቤ የቀረው ግን ሁለቱ በመሐል ከተማ ከሚገኝ የባንክ ሕንጻ ከፍታ ላይ ሆነው ቁልቁል የሚመለከቱበት ትዕይንት ነው። ክዌንቲን በመብራቱ ውበት ሲደነቅ፣ ማርጎ ግን የምታየው የወረቀት ከተማ ነው፤ ቤቱም ወረቀት፣ ሰዉም ወረቀት። በማግሥቱ ማርጎ የለችም።

18 ዓመት ሞልቷት በገዛ ፈቃዷ የሄደችን ሰው ለመመለስ ፖሊስ የሚያደርገው ብዙ ነገር የለውም፤ ወላጆቿም መጥፋቷን እንደ ድፍረት ቆጥረው የቤቱን ቁልፍ ይቀይራሉ። ስለዚህ ፍለጋው በክዌንቲንና በጓደኞቹ በቤንና በራዳር ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በኋላም የማርጎ ጓደኛ ሌሲ ትጨመራለች። ደራሲው ፍንጮቹን ያስቀመጠው ማንኛውም ወጣት ክፍል ውስጥ ሊገኙ በሚችሉ ዕቃዎች ላይ ነው። በማርጎ መስኮት ላይ ያለው መጋረጃ ሲወርድ፣ ከክዌንቲን መኝታ ቤት ብቻ በሚታይበት ጎኑ የዘፋኙ የዉዲ ገትሪ ፖስተር ተለጥፎበታል። ፖስተሩ በመቶዎች ከሚቆጠሩት ሸክላዎቿ ወደ አንዱ፣ ሸክላው ስሙ በአንድ ዘፈን ርዕስ ላይ ወደተጠቀሰው ገጣሚ ወደ ዋልት ዊትማን፣ የዊትማን መጽሐፍም በቀለም ወደተሰመረባቸው ስንኞች ይመራል። ከስንኞቹ አንዱ ቁልፎቹን ከበሮቹ፣ በሮቹንም ከመቃናቸው ነቅሎ ማውጣትን የሚያዝ ነው። ልጆቹ ትእዛዙን ቃል በቃል ወስደው የማርጎን በር ይነቅላሉ፤ ምንም አያገኙም። ክዌንቲን ሊነቀል የሚገባው በር የማን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ቀናት ያልፋሉ።

እንዲህ ያለው የፍንጭ ሰንሰለት በሌላ ደራሲ እጅ እንቆቅልሽ መፍቻ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። እዚህ መልኩ የሚለወጠው ፍንጩ ወደ አንድ የተተወ የሱቆች ሕንጻ ሲያደርሳቸው ነው። መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፤ ውስጡ አቧራና የሞተ እንስሳ ሽታ ነው፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሰው ወደ ወረቀት ከተሞች እንደሚሄድና ከዚያ እንደማይመለስ የሚናገር ጽሑፍ ከቀለም ሥር ይነበባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ክዌንቲን የሚፈልገው ሕያው ልጅ ይሁን አስከሬን አያውቅም። በመናፈሻው የታየው ሟች ራሱን ያጠፋ ሰው መሆኑን አንባቢው ያስታውሳል፤ የልጅነት ትዝታ መስሎ ያለፈው ምዕራፍ አሁን እንደ ጥላ ተመልሶ ይመጣል። ደራሲው ይህን ፍርሃት ለማጓጓት ሲል አያጋንነውም፤ ክዌንቲን ብቻውን መኪና እየነዳ፣ ተጀምረው የቀሩና ሰው ያልገባባቸውን የመኖሪያ መንደሮች እየዞረ፣ እንዳያገኛት እየፈራ ይፈልጋታል። ወጣት አንባቢን ከዚህ ዓይነት ድንጋጤ ጋር በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያገናኝ መጽሐፍ እምብዛም አላጋጠመኝም።

የበለጠ የወደድኩት ግን የግጥሙን ነገር ነው። ዊትማን «የሣር ቅጠሎች» የተባለውን መድበሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው በ1855 ሲሆን፣ በ1892 እስኪሞት ድረስ እያሻሻለና እያሰፋ ደጋግሞ አሳትሞታል፤ ልብ ወለዱ የሚመረኮዝበት ስለ ራስ የሚዘምረው ረጅም ግጥም የዚህ መድበል እምብርት ነው። ክዌንቲን መጀመሪያ ግጥሙን የሚያነበው እንደ አድራሻ ወረቀት ነው፤ የተሰመረበትን ብቻ ይዞ ሌላውን ይዘልላል። ቀጥሎ ፍርሃቱ ሲያድርበት ስለ ሞት የሚናገሩት ስንኞች ብቻ ይታዩታል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ግጥሙን በዚህ መልክ ማንበቡ ስሕተት መሆኑን ስትነግረው አንባቢውም አብሮ ይታረማል። ቆይቶ ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይፈልግበት ሲያነበው ነው ገጣሚው በሌላ ሰው ውስጥ ገብቶ ሕመሙን ስለ መታመም የሚለው የሚገባው። ደራሲው ሰውን ማወቅና ግጥም ማንበብ አንድ ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቁ በስብከት አልነገረንም፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ሲያነብ፣ ሁለት ጊዜም ሲሳሳት አሳየን። ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ ሰዎች ይህን ክፍል ብቻ እንኳ ለተማሪዎቻችሁ ብታነቡላቸው ግጥም ለምን እንደሚነበብ ብዙ ታስረዷቸዋላችሁ።

ርዕሱን በቅኔ ለለመደ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ግን ከአንድ በላይ ነው። የወረቀት ከተማ በመጀመሪያ የማርጎ ንቀት ነው፤ ከከፍታ ሲታይ ተጣጥፎ የተሠራ የሚመስለው፣ በዕቃና በታይታ የሚኖረው ሰፈሯ። ሁለተኛው ተጀምሮ የቀረው፣ መንገዱ ተቀዶ ቤት ያልተሠራበት መንደር ነው። ሦስተኛው ከካርታ ሥራ የመጣ ነው፤ ካርታ ሠሪዎች ሥራቸው ሳይፈቀድ ቢገለበጥ ሌባውን ለመለየት በካርታቸው ላይ የሌለ ቦታ ያስገባሉ። በ1930ዎቹ የጄኔራል ድራፍቲንግ ኩባንያው ኦቶ ሊንድበርግና ረዳቱ ኧርነስት አልፐርስ የስሞቻቸውን የመጀመሪያ ፊደላት አደባልቀው «አግሎ» የሚል ስም ፈጠሩ፤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮስኮ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር መገናኛ መንገድ ላይም ጻፉት። ቆይቶ ስሙን ከካርታ ላይ ያገኘ ሰው በዚያው ቦታ ሱቅ ከፍቶ «አግሎ» ብሎ ሰየመው፤ ራንድ ማክናሊ የተባለው ሌላ ካርታ አሳታሚ ቦታውን በካርታው ሲያወጣና በሌብነት ሲጠረጠርም፣ ቦታው በእርግጥ አለ ለማለት የቻለው በዚህ ሱቅ ምክንያት ነው። አግሎ በልብ ወለዱ ውስጥ ምን ቦታ እንዳላት ለአንባቢ እተወዋለሁ። ሰዎች ስለ አንድ ቦታ፣ ወይም ስለ አንዲት ልጅ፣ የፈጠሩት ነገር ውሎ አድሮ እውነተኛ ነዋሪ ሊያገኝ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ታሪክ ደራሲው ሊያገኝ ይችል ነበር ብዬ አላስብም።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብሎ የሚነሣ ሰው ሁለት ፈታኝ ነገሮች ይጠብቁታል፤ ሁለቱም ስለ ሥራው ብዙ ስለሚናገሩ ትንሽ ልቆይባቸው። የመጀመሪያው የበሩ ስንኝ ነው። እንግሊዝኛው ትእዛዝ ወንድን ይናገር ሴትን አይለይም፤ ልጆቹ የተሳሳቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛ «ንቀል» ካልን ክዌንቲን ገና ሲያነበው በሩ የእርሱ መሆኑን ያውቃል፤ «ንቀዪ» ካልን ደግሞ ስንኙ ለማርጎ የተነገረ ይሆንና ፍለጋው መንገዱን ይስታል። መውጫው «ንቀሉ» ማለት ይመስለኛል፤ ገጣሚው ለሰው ሁሉ የሚናገር በመሆኑም ይስማማዋል። ነገር ግን አንድን ሰው ብቻ ለይቶ የሚጠራው ቅርበት ይጠፋል፤ ክዌንቲንን ያሳሳተውም ያጽናናውም ያ ቅርበት ነበር።

ሁለተኛው የማርጎ አጻጻፍ ነው። ማርጎ የላቲኑን ትልልቅ ፊደል በዓረፍተ ነገር መካከል ባሉ ቃላት ላይ እንዳሻት ትጠቀማለች፤ ሕጉ መካከል ላይ ያሉትን ቃላት ይበድላል ባይ ናት። በአንድ ወሳኝ ቦታ ላይ ስም የለሽ ጽሑፍ የእርሷ መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ልማዷ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በመነሻም በመካከልም በመጨረሻም ያለው ቃል እኩል ስለሆነ የማርጎ ቅሬታ ቦታ አያገኝም። እኔ ተርጓሚ ብሆን በሞክሼ ፊደላቱ እጠቀም ነበር። ሁሉም ሰው በ«ሰ» የሚጽፈውን በ«ሠ»፣ በ«ሀ» የሚጽፈውን በ«ኀ» የምትጽፍ፣ ስትጠየቅም «የተረሱት ፊደላት ያሳዝኑኛል» የምትል ማርጎ ከዋናዋ ብዙ የምትርቅ አይመስለኝም፤ ጽሑፏም ከሺህ መካከል ይለይ ነበር።

ጉድለቶቹን መሸፋፈን ለመጽሐፉም ለአንባቢውም አይበጅም። ሁለተኛው ክፍል ይረዝማል። ክዌንቲን የተተዉትን መንደሮች ደጋግሞ ሲዞር የፍለጋው ድካም እንዲሰማን ተፈልጎ ይሆናል፤ ሆኖም ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ከቀደሙት የሚጨምሩት ጥቂት ነው። ቤን ስለ ሴት ልጆች የሚናገርበት አነጋገር የዚያ ዕድሜ ወንዶች እውነተኛ አነጋገር ሊሆን ቢችልም፣ ታሪኩ ከሚገባው በላይ በቸርነት ያሳልፈዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስከፋኝ የፎቶው ነገር ነው። በበቀሉ ሌሊት ማርጎና ክዌንቲን የቀድሞ ፍቅረኛዋን ራቁቱን ሲሮጥ ፎቶ ያነሡታል፤ ክዌንቲንም በኋላ ያንን ፎቶ ማስፈራሪያ አድርጎ ጉልበተኞች ታናናሾቹን ማሰቃየት እንዲያቆሙ ያስገድዳቸዋል። ዓላማው በጎ ስለሆነ መጽሐፉ ዘዴውን አይመረምርም። ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ ስልክ በኪሱ ይዞ በሚውልበትና እንዲህ ያለ ምስል የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ሲያናጋ ባየንበት ጊዜ፣ አዋቂ አንባቢ ይህን ቦታ ከልጁ ጋር ሳይነጋገርበት ሊያልፍ አይገባውም።

ከእህቴ ልጅ ጋር ያልተስማማነው በማርጎ ጉዳይ ነው። የእኔ ቅሬታ ከ300 በሚበልጡ ገጾች ውስጥ የማርጎ የራሷ ድምፅ የሚሰማው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ብቻ መሆኑ ነበር፤ በመካከሉ እርሷ የለችም፣ ያለው ወንዶቹ የሚሏት ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ይህን ሰምታ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ሦስት ቦታ ገልጣ አሳየችኝ። ቤን የሚያስታውሳት ማርጎ፣ ሌሲ የምታስታውሳት ማርጎና ወላጆቿ የሚከስሷት ማርጎ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ክዌንቲንም እያንዳንዳቸውን ሲሰማ የእርሱ ማርጎ አራተኛ መሆኗን ያያል። «ዝም ያሰኛት ደራሲው ሳይሆን እነሱ ናቸው» አለችኝ። ግማሹን አሳምናኛለች። ማርጎ በራሷ አፍ በምትናገርበት ጊዜ ያላት ቁጣ እውነተኛ ነው፤ ሳይጠይቋት ጀግና፣ ሳይጠይቋት ተጎጂ ያደረጓትን ሁሉ የሚመለከት ቁጣ ነው። ያ ንግግር ሁለት እጥፍ ቢረዝም ኖሮ ደግሞ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ባሳመነችኝ ነበር።

ፍቅሩን በተመለከተ፣ ሠርግ ወይም የዘላለም ቃል ኪዳን የሚጠብቅ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው፤ መጽሐፉ ያንን አይሰጥም። የሚሰጠው አንድ ወጣት አንዲትን ልጅ እንደ ተአምር ማየት ትቶ እንደ ሰው ለማየት የሚታገልበትን መንገድ ነው። ክዌንቲን ማርጎን እንደማያውቃት ባወቀ ቁጥር ፍለጋው ይበልጥ ይጠነክራል፤ እርሷን ወደ ራሱ የመመለስ ምኞቱ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ለውጥ የሚከናወነው በአንድ ትልቅ ንግግር አይደለም፤ ግጥሙ በተነበበ፣ በር በተነቀለ፣ ባዶ መንደር በታየ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ፍለጋው ራሱ የፍቅሩ አካል ነው የምለው፤ መገናኘቱ ቢቀር እንኳ ክዌንቲን በመስኮቱ ከተመለከታት ልጅ ይልቅ ለእውነተኛዋ የቀረበ ሰው ሆኖ ያልቅ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ሰዓት በሰዓት የተከፈለ የመኪና ጉዞ ሲሆን፣ ልጆቹ የምረቃ ሥነ ሥርዓታቸውን ትተው በክዌንቲን አዲስ ሚኒቫን ወደ ሰሜን ይከንፋሉ። ነዳጅ ለመቅዳት የሚቆሙባትን እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጥረው ሥራ ሲከፋፈሉ፣ ሲጨቃጨቁ፣ ሲስቁና አንድ ጊዜ ከሞት ለጥቂት ሲተርፉ የምናይበት ይህ ክፍል፣ በሁለተኛው የደከመውን አንባቢ ሙሉ በሙሉ ይክሰዋል። ጓደኝነት በፍቅር መጽሐፍ ውስጥ እንደ አጃቢ ሲታይ ለምደናል፤ በዚያ መኪና ውስጥ ግን ዋናው እርሱ ነው።

በ2015 በጄክ ሽራየር አዘጋጅነት የተሠራው፣ ናት ዎልፍና ካራ ዴለቪን የተወኑበት ፊልም ደህና ነው፤ ጉዞውንና ጓደኝነቱን ጠብቋል። የግጥሙን ሦስት ንባብና የተተዉትን መንደሮች ፍርሃት ግን አቅልሎታል፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት ባይታይ እመርጣለሁ። መጽሐፉ ራስን ማጥፋትን፣ መጠጥን፣ ስድብንና ስለ ወሲብ የሚደረግ ጨዋታን ስለያዘ፣ ለ12 ዓመት ልጅ አልሰጥም፤ ከ15 ዓመት ጀምሮ ግን፣ በተለይ ወላጅ ወይም ታላቅ አብሮ የሚያነበው ከሆነ፣ ያለ ስጋት እሰጣለሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ የሚከብደው የዊትማን ስንኝ ብቻ ሲሆን፣ የግጥሙ የባለቤትነት መብት ዘመን ያለፈበት በመሆኑ ሙሉው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። የእህቴ ልጅ ግጥሙን አትማ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጣው ነበር፤ ስመልስላትም ከነወረቀቱ መለስኩላት።